ከርከዴ ይዘፈዘፋል እንጂ አይንተከተክም

መጋቢት ገብቶ የጎንደር ፀሐይ አናት መብሳት ስትጀምር የለስላሳ ሳጥን በየቤቱ ይገባል። እንግዳ መጣ፣ ለስላሳ። ልጅ ጠማው፣ ለስላሳ። እኔ በዚህ ወቅት ከቤቴ እንዲጠፋ የማልፈልገው ግን ሌላ ነገር ነው፤ የደረቀ ከርከዴ። ሑዳዴ ላይ ለጾመኛው ይሆናል፣ ረመዳን ላይ ለኢፍጣር ይሆናል፣ ፍስክ ሲሆንም ማንም አይጠላውም። አንድ ፌስታል ገዝቶ በደንብ ያስቀመጠ ሰው ወራት ይጠጣበታል።

ታዲያ በየቤቱ የሚቀርበው ከርከዴ አብዛኛው ተንተክትኮ ያለቀለት ነው። ድስት ላይ ይጣዳል፣ ግማሽ ሰዓት ይፈላል፣ ይመራል። ምሬቱን ለመግደል ስኳር ይዛቅበታል። ስኳሩ ሲበዛ ደግሞ ሎሚ ይጨመቅበታል። መጨረሻ ላይ ብርጭቆው ውስጥ የሚገኘው ቀይ የስኳር ውሃ ነው። "እኔ ከርከዴ አይስማማኝም" የሚለኝን ሰው ቀድሜ የምጠይቀው "ምን ያህል ጊዜ ነው ያፈላችሁት?" ብዬ ነው። ከርከዴ ትኩስ ውሃና ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። እሳቱ ውሃውን አፍልቶ ከወጣ ሥራው አልቋል።

መጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው

ከርከዴ ቆላ የሚወድ ተክል ነው። ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ለኛ የሚደርሰን ደርቆ ነው። ነጋዴዎቻችን ጥሩ ነው ለማለት ሲፈልጉ "የሱዳን ነው" ይላሉ። ሱዳን እውነትም በከርከዴዋ የታወቀች አገር ናት፤ የመተማ መንገድም እኛን ከነሱ ጋር ያገናኘናል። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ እዚያ ጦርነት ስላለ የሚገባው ዕቃም ዋጋውም አንድ ቦታ አይቆምም። ስለዚህ ዋጋ እዚህ አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት ነገ አይሠራም።

የምንዘፈዝፈው ቀይ ነገር የአበባው ቅጠል አይደለም። አበባው ረግፎ ካለቀ በኋላ የዘሩን ፍሬ አቅፎ የሚቀረው ወፍራም ሽፋን ነው። ገበሬው ያን ሽፋን ከፍሬው ፈልቅቆ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። በሆቴሎችና በመናፈሻዎች አጥር ላይ የምናየው ትልቁ ቀይ አበባ ዘመዱ ነው እንጂ እሱ አይደለም። እሱን ቆርጣችሁ ብትዘፈዝፉ ይህን ኮምጣጣ ጣዕም አታገኙም። በዚያ ላይ የመናፈሻ አበባ ምን መድኃኒት እንደተረጨበት አይታወቅም።

ገበያ ላይ

እኔ የምገዛው ቅዳሜ ገበያ ቅመም ከሚሸጡት ሴቶች ነው። አራዳ አካባቢም ይገኛል። ሱፐርማርኬት ውስጥ በትንንሽ ከረጢት ተፈጭቶ እንደ ሻይ የሚሸጠውም ያው ከርከዴ ነው፤ ለአንድ ሲኒ ሙቅ መጠጥ ይሆናል። ለማሰሮ ሙሉ ቀዝቃዛ መጠጥ ግን ሙሉውን፣ ያልተፈጨውን ግዙ። የተፈጨው ከምን ጋር እንደተፈጨ ማየት አይቻልም። ሲጠለልም ዝቃጩ ያስቸግራል።

ሻጯን "እትየ፣ የዘንድሮ ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው።

"ምን ብየ ልማልልሽ? ቅመሽው እንጂ!"

እውነታቸውን ነው፣ ቅመሱት። አንዷን ፍሬ አንስታችሁ መጀመሪያ በጣታችሁ እጠፏት። ጥሩ ከርከዴ እንደ ለጋ ቋንጣ ትንሽ ታጠፍ ይልና ነው የሚሰበረው። ገና ስትነኩት ዱቄት የሚሆን ከሆነ ከርሟል ማለት ነው። ርጥብ ሆኖ እርስ በርሱ የሚጣበቅ ከሆነ ደግሞ ሳይደርቅ ተሸፍኗል፤ ሻጋታ ይኖረዋል። ቀጥሎ ምላሳችሁ ላይ አኑሯት። ወዲያው ጥፍጥ ያለ ኮምጣጤ ምራቅ መሳብ አለበት። ዝም ካለ፣ ወይም ገለባ ገለባ ካለ፣ እለፉት።

ቀለሙ ጥቁር ቀይ ይሁን። ሁለት ዓይነት አለ፤ አንዱ ወደ ጥቁርነት የሚያደላ ወይን ጠጅ፣ ሌላው ደመቅ ያለ ቀይ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ጥሩ ያልሆነው ወደ ቡናማ የሄደው ነው፤ እሱ ፀሐይ በዝቶበታል ወይም አርጅቷል። የጆንያውን ሥር መዛቅ አትፍቀዱ። ሥሩ ላይ ያለው አሸዋና ብናኝ ነው። ከላይ ወይ ከመሃል ይዛቅላችሁ። አዲሱ ምርት የሚደርሰው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ገደማ ስለሆነ የዓመት አስቤዛ የምትገዙ ከሆነ ያን ጊዜ ግዙ።

ቤት ስታስገቡት ከፌስታሉ አውጡት። ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ጠርሙስ ወይም ጣሳ ውስጥ፣ ብርሃን በማያገኘው ቦታ ይቀመጥ። ከበርበሬና ከቅመም ጎን አታስቀምጡት። ሽታ ይስባል።

ለቀማና እጥበት

ሰፌድ ላይ ዘርጉት። ገለባ፣ ጠጠር፣ አንዳንዴም ያልወጣ የዘር ፍሬ ይገኝበታል። ዘሩ አይጎዳም፤ ግን ጣዕሙን ያሳንሳልና አውጡት። ከዚያ ወንፊት ውስጥ አድርጉና ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፤ አንድ ሁለቴ ነቅነቅ አድርጋችሁ አውጡ። አሥር ሰከንድ ይበቃል። ዕቃ ውስጥ ነክራችሁ እንደ ምስር ካጠባችሁት ቀለሙና ኮምጣጣው ከእጣቢው ጋር ይሄዳል። እዚህ ላይ የሚሳሳተው ንጽሕና ወዳዱ ሰው ነው!

ድስቱና ውሃው

ከርከዴ አሲድ ነው። አሉሚኒየም ድስት ውስጥ አታቆዩት። አሲዱ ብረቱን ይበላዋል፣ መጠጡም የብረት ጣዕም ይይዛል። ስቴንለስ፣ ያልተላጠ የቆርቆሮ ሳህን፣ ወይም የመስታወት ዕቃ ተጠቀሙ። ከአሉሚኒየም ማንቆርቆሪያ በቀር ምንም ከሌላችሁ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ውሃውን ብቻ በሱ አፍሉና ከርከዴው ወዳለበት የመስታወት ማሰሮ ወይም ስቴንለስ ጎድጓዳ ሳህን ላይ አፍስሱት። ሸክላ ማሰሮ ደስ ይላል፤ ግን ቀለሙን ይጠጣና ቀጥሎ ለውሃ አይሆንም።

ውሃ በተመለከተ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ጎንደር የምንጠቀመው ውሃ ብዙ ጊዜ ሮቶ ወይም ጀሪካን ውስጥ ያደረ ነው። በቀዝቃዛ ለመዘፍዘፍ ካሰባችሁ አፍልታችሁ ያቀዘቀዛችሁትን ተጠቀሙ። ሁለተኛ፣ ኖራነት የሚበዛው የጉድጓድ ውሃ ቀለሙን ይቀይረዋል። የከርከዴ ቀይነት አንቶሳያኒን ከሚባል ማቅለሚያ ነው። ይህ ማቅለሚያ አሲድ ውስጥ ቀይ ነው፤ አሲዱ ሲቀንስ ወደ ሐምራዊ፣ ከዚያም ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። ማመን ያቃተው ሰው ከጠለለው ላይ ግማሽ ብርጭቆ ቀድቶ ቁንጥር የዳቦ ሶዳ ይጨምርበት። ልጆች ካሉ አጠገባችሁ አድርጉት፣ ይጮኻሉ። ሎሚ ስትጨምቁበት ደግሞ ወደ ቀዩ ይመለሳል። እናም መጠጣችሁ ወይን ጠጅ ሆኖ ደብዘዝ ካለ ጥፋቱ የውሃው ሊሆን ይችላል። ጥቂት ሎሚ ያስተካክለዋል።

ትኩሱ መንገድ (ዛሬውኑ ለሚጠጣ)

ለ5 ወይም ለ6 ብርጭቆ የሚሆነው ይኸው፦

ከርከዴ 40 ግራም (ሳይጠቀጠቅ አንድ የውሃ ብርጭቆ ሙሉ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ)
ውሃ 1 ሊትር ተኩል
ስኳር 100 ግራም (ግማሽ ብርጭቆ)
ዝንጅብል የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል፣ የተቀጠቀጠ
ቀረፋ አንድ አጠር ያለች እንጨት
ሎሚ ግማሽ፣ ካስፈለገ ብቻ

1. ግማሹን ውሃ፣ ማለትም ሦስት ሩብ ሊትሩን፣ ዝንጅብሉንና ቀረፋውን ጨምራችሁ ጣዱት። ቅመሙ እሳት ይወዳል፤ 5 ደቂቃ ይንተክተክ። ሌላው ግማሽ ውሃ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይ።

2. እሳቱን አጥፉ፤ ከሰል ከሆነ አውርዱት። ይህ ነው ዋናው ነጥብ። ከርከዴው የሚገባው ከወረደ በኋላ ነው። በጎንደር ከፍታ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እንደ ባሕር ዳርቻ አገር 100 አይደርስም። ይህን የሰማ ሰው "እንግዲያው እኛ ረዘም አድርገን እናፍላው" ይላል። ለባቄላ ልክ ነው። ለከርከዴ ግን 93 ዲግሪ ከበቂ በላይ ነው፤ ቀለሙም ኮምጣጣውም ወዲያው ይለቃል።

3. ከርከዴውን ጨምሩ፣ አንዴ አማስሉ፣ ክደኑ። 12 ደቂቃ ጠብቁ። መጀመሪያ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከዚያ ውሃ እየጠጣ ይለሰልስና ወደ ታች ይወርዳል። ክዳኑን ከፍታችሁ ስታዩ ጠርዙ ላይ ቀጭን ሐምራዊ አረፋ ይኖራል። ይህ ጤነኛ ነው። ከ15 ደቂቃ በላይ አታቆዩት። ጉሮሮ የሚይዘው የጠነከረ ጣዕም ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ብዙ ከቆየ ወይም ከፈላ ደግሞ ቅጠሉ ሙጫ ሙጫ የሚል ነገር ይለቅና መጠጡን ወፍራም ያደርገዋል።

4. በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ወይም በጠበቅ ያለ ወንፊት አጥልሉት። ቅጠሉን ጨምቁት፤ ግን ለስለስ አድርጋችሁ። እንደ ሊጥ ካሻችሁት ዝቃጭ ይወርዳል።

5. ትኩስ እያለ ስኳሩን ጨምራችሁ አሟሙት። ሲቀዘቅዝ ስኳር ቶሎ አይሟሟም፤ ታች ተኝቶ ይቀራል።

6. ያስቀራችሁትን ቀዝቃዛ ውሃ አሁን ጨምሩ። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው፤ መጠጡ ወዲያው ይበርዳል፣ ከሰሉም የሚያፈላው ግማሹን ውሃ ብቻ ነው። ቅመሱ። ሎሚው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ከቀመሳችሁ በኋላ ነው። ከርከዴው ጥሩ ከሆነ አያስፈልገውም።

ከዚያ ፍሪጅ፣ ወይም በረዶ። በረዶውንም ከፈላ ውሃ ሥሩ። ፍሪጅ ከሌለ ደግሞ ጠርሙሱን ርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ነፋስ የሚያገኘው መስኮት ላይ አኑሩት፤ ጎንደር ማታ ነፋሻ ስለሆነች ጥሩ ይበርዳል።

ቀዝቃዛው መንገድ (ለሚታገሥ)

እኔን ከጠየቃችሁ የተሻለው ይህ ነው። ምሬት የለውም፣ ሽታው ወደ አበባነት ያደላል፣ ስኳርም በግማሽ ይቀንስለታል። እንዲያውም ያለ ስኳር የሚጠጣ ሰው ከፈለጋችሁ በዚህ አስጀምሩት።

ያው 40 ግራም ከርከዴ፣ ያው 1 ሊትር ተኩል ውሃ፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ። ከርከዴውን መጀመሪያ ወንፊት ውስጥ አድርጋችሁ ትኩስ ውሃ ጠብ ጠብ አድርጉበት፤ ፀሐይ ላይ የደረቀ ዕቃ ስለሆነ አቧራና ጀርሙን ይቀንሳል። ከዚያ የመስታወት ማሰሮ ውስጥ አስገቡና ውሃውን አፍስሱ። ለጥቂት ደቂቃ አጠገቡ ቁሙ። ከእያንዳንዷ ፍሬ ቀጭን ቀይ ክር እየተፈተለ ወደ ታች ይወርዳል፤ ታችኛው ውሃ ቀልቶ ላይኛው ገና ነጭ ይሆናል። ክደኑና ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይበቃዋል። ማታ ከእራት በኋላ የዘፈዘፈ ሰው ጠዋት አጥልሎ ይጠጣል።

ማጣፈጫው ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ቀዝቃዛ ስለሆነ ስኳር በቀጥታ አይገባም። ስኳሩን በጥቂት ሙቅ ውሃ አሟሙታችሁ ጨምሩ። ማርም ይሆናል። ማር ስትጠቀሙ ግን ነጭ ማር ምረጡ። ጥቁሩ ማር የራሱ ጠንካራ ጠረን ስላለው ከርከዴውን ይውጠዋል። በትኩሱ መንገድ ላይም ማሩ የሚገባው መጠጡ ለብ ሲል ነው።

ለሕፃናትና ሕመምተኛ ላለበት ቤት ግን ቀዝቃዛውን ትታችሁ በትኩሱ ሥሩ።

ስለ ቅመም

እዚህ ላይ ብዙ ሰው እጁን መሰብሰብ ያቅተዋል። ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄል፣ ዝንጅብል፣ ናና፣ ሁሉም አንድ ድስት ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ የሚጠጣው የቅመም ሻይ ነው፤ ከርከዴው ማቅለሚያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሁለት ቅመም ይበቃል። ዝንጅብልና ቀረፋ ለቀዝቃዛ ጥሩ ናቸው። ቅርንፉድ ከጨመራችሁ ሁለት ፍሬ፣ ከዚያ አታልፉ። የብርቱካን ልጣጭ ጥሩ ነው፤ ነጩን ክፍል ግን ፋቁለት፣ ይመራል። ናና የሚገባው ብርጭቆው ላይ ነው፣ ድስት አያሳዩት። ኮረሪማ ለወጥና ለቅቤ ይሁን።

ጥምቀት ሲመጣ፦ ወፍራሙ ሽሮፕ

ጥር 10 እና 11 ጎንደር ውስጥ ቤቱ እንግዳ የማያጣለት ሰው ይህን ክፍል ያንብብ። ከፋሲል መዋኛ ፀሐይ ላይ ቆሞ የተመለሰ ሰው በሩን ሲገፋ ውሃ ውሃ ይላል። ያን ሰዓት ከርከዴ ዘፍዝፎ ማድረስ አይቻልም። ሽሮፑን ቀደም ብሎ መሥራት ነው።

100 ግራም ከርከዴ፣ 1 ሊትር ውሃ፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር። ውሃውን አፍሉ፣ አውርዱ፣ ከርከዴውን ጨምሩና ክደኑ። እዚህ 20 ደቂቃ ይቆይ፤ መጠኑ ስለበዛ ውሃው ቶሎ አይደርሰውም። አጥልሉ፣ ጨምቁ። ቅጠሉ ጥሩ አድርጎ ውሃ ስለሚጠጣ የሚቀራችሁ ሦስት ሩብ ሊትር ገደማ ነው። ስኳሩን ጨምራችሁ እንደገና ጣዱት፤ አሁን ቅጠል ስለሌለበት እሳት አይጎዳውም። ፈላ ሲል 3 ደቂቃ አቆዩትና አውርዱ። ሙቅ ውሃ የታጠበ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ትኩሱን ገልብጡ፣ ክደኑ።

አንድ እጅ ሽሮፕ በአራት እጅ ቀዝቃዛ ውሃ። ጠንከር ያለ የሚወድ በሦስት። በአምቦ ውሃ ከሆነ ደግሞ ለስላሳ የለመዱት ልጆችም ቅሬታ የላቸውም። ይህ መጠን 20 ብርጭቆ ያህል ይወጣዋል። ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሳምንት በደንብ ይቆያል። መብራት በሚጠፋበት ሰሞንም ከተበረዘው መጠጥ ይልቅ ሽሮፑ ይሻላል፤ ስኳሩና አሲዱ ይጠብቁታል። የተበረዘውን ግን ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን በሦስት ቀን ጨርሱት። ከከፈታችሁት በኋላ አረፋ ከሰራ፣ ክዳኑ ጢስ ብሎ ከተከፈተ ወይም እርሾ እርሾ ከሸተተ ጀምሮታል። ድፉት።

ለማኅበር ወይም ለሰንበቴ ከተራ የፕላስቲክ ጀሪካን ይልቅ ንጹሕ ሃይላንድ ይሻላል። ጀሪካን ዘይት ወይም ሌላ ነገር ይዞ ከነበረ ሽታው ይወጣል። ትኩሱን ግን ፕላስቲክ ውስጥ አትገልብጡ፤ አብርዱ፣ ከዚያ።

የተረፈው ቅጠል

ከትኩሱ መንገድ የተረፈውን አትጣሉት። ሁለተኛ ዙር ዘፍዝፋችሁ ደካማ መጠጥ ማግኘት ይቻላል፣ አልመክርም። ይልቅ በቢላዋ ደቀቅ አድርጋችሁ ክተፉት፣ የክብደቱን ግማሽ ያህል ስኳርና ጥቂት ውሃ ጨምሩበት፣ በቀዝቃዛ እሳት አማስሉት። ያ ሙጫ ሙጫ ያልነው ነገር እዚህ ይጠቅማል፤ 15 ደቂቃ ውስጥ ማርማላታ ይሆናል። ከዳቦ ጋር፣ በተለይ በጾም ቁርስ፣ ነፍስ ነው።

መጠንቀቅ ያለበት ማነው?

ከርከዴ ደም ግፊት ያወርዳል የሚባለው ከአየር ላይ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የአሜሪካው ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነበር። ግፊታቸው ትንሽ ከፍ ያለ 65 ሰዎች ተሳትፈውበታል። በቀን 3 ሲኒ ለ6 ሳምንት የጠጡት የላይኛው ቁጥራቸው በአማካይ 7 ነጥብ ያህል ወርዷል፤ ሌላ መጠጥ የተሰጣቸው ግን 1 ነጥብ ብቻ። ጥሩ ነው፤ ግን መድኃኒት አይተካም። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ በየቀኑ ብዙ ከመጠጣቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ሁለቱ ተደራርበው ግፊቱን ከሚገባው በታች ሊያወርዱት ይችላሉ።

ብዙ የማይነገረው የወባ መድኃኒት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ጥናት ክሎሮኪንን ከከርከዴ ወይም ከሎሚ መጠጥ ጋር መውሰድ ወደ ደም የሚገባውን መድኃኒት በጣም እንደሚቀንስ አሳይቷል። መተማና ሁመራ ለሥራ ወርዶ ወባ ይዞት የተመለሰ ሰው ቤታችሁ ካለ ክሎሮኪኑን በተራ ውሃ ይዋጥ። ሕክምናውን እስኪጨርስ ከርከዴውን ይተወው።

ለነፍሰ ጡር አይመከርም። ጨጓራ ያለበት ሰው ባዶ ሆድ ላይ አይጠጣው፤ በጾም ወቅት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እህል ሳትቀምሱ በአንድ ትንፋሽ ቀዝቃዛ ከርከዴ መጋት ጨጓራን መቀስቀስ ነው። ሁለት ጉርሻ ይቅደም። ለጥርስም አሲድ ነውና ከጠጡ በኋላ አፍን በውሃ መጉመጥመጥ ጥሩ ነው።

አልሆነልኝም ላለ

ከመረረ፣ ፈልቷል ወይም ከመጠን በላይ ቆይቷል። ስኳር አይፈውሰውም፤ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምራችሁ አቅጥኑትና የሚቀጥለውን አስተካክሉ። ከኮመጠጠ በውሃ አላሉት፣ ቁንጥር ጨውም ኮምጣጣውን ይቆርጠዋል፤ ቁንጥር ብዬአለሁ። ውሃ ውሃ ካለ ከርከዴው ያረጀ ነው ወይ አንሷል፤ ቀዝቃዛውን ውሃ ከመጨመራችሁ በፊት ቅመሱ። ከደፈረሰ በጨርቅ እንደገና አጥልሉት፤ ወይም ፍሪጅ ውስጥ ሳይነካ ይደርና ላይ ላዩን ቀስ ብላችሁ ቅዱ።

በመጨረሻ፣ ነጭ ልብስ። ጥምቀት ላይ ከርከዴና የሐበሻ ቀሚስ አንድ ክፍል ውስጥ መሆናቸው አይቀርም። ሲፈስስ ሁሉም የሚሮጠው ወደ ሳሙና ነው። ሳሙና ግን እንደ ዳቦ ሶዳው ነው፤ ቀዩን እድፍ ሰማያዊ ግራጫ ያደርገዋል። መጀመሪያ ከጀርባው በኩል ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፤ አትሹት። ከዚያ ሎሚ ወይም ነጭ ኮምጣጤ ነካ አድርጉበት፤ አሥር ደቂቃ አቆዩና እንደገና በቀዝቃዛ አለቅልቁ። ሳሙናው ከዚያ በኋላ ይግባ። ጥለቱ ባለቀለም ክር ከሆነ ሎሚው እንዳያገኘው ጠንቀቅ በሉ። እድፉ ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ደግሞ ካውያ አታስነኩት።